ግራ እጅጌ

አጎቴ ሰው ሲያይ መጀመሪያ የሚያየው ትከሻውን ነበር። ፊት በኋላ ይደርሳል። መንገድ ላይ አብረን ስንሄድ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያ ሰውዬ ግራ ትከሻው ወረድ ይላል፤ አንድ ነገር ለረጅም ዘመን ተሸክሟል» ይለኛል። እኔን ደግሞ «አንገትህን አትድፋ፣ ኮሌታ ታበላሻለህ» ይለኝ ነበር፤ ኮሌታ የሌለው ሹራብ ለብሼም ቢሆን።

የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ዕድሜውን ሙሉ በአንድ የልብስ ስፌት ድርጅት ውስጥ ጨርቅ ሲቆርጥ ኖረ። የሠራበትን አዳራሽ አውቀዋለሁ። የስፌት መኪናዎቹ በረድፍ ተደርድረው ቀኑን ሙሉ ይጮሃሉ፤ ሴቶቹ ከመኪናው ጩኸት በላይ ለመነጋገር ስለሚጮሁ እቤታቸው ሲገቡም ድምፃቸው ቶሎ አይወርድም። በመስኮቱ በኩል፣ ብርሃን በሚገባበት፣ የመቁረጫው ጠረጴዛ አለ። ጀልባ የሚያህል ረጅም ጠረጴዛ ነው። ጨርቅ እየተነባበረ ይነጠፍበትና ከላይ የእጅጌ ወይም የደረት ቅርጽ ያለው ካርቶን ተቀምጦ ዙሪያውን በጠመኔ ይሰመራል፤ ከዚያ የመቁረጫው ማሽን ስለቱን ቀጥ አቁሞ ሁሉንም ንብርብር በአንድ ጊዜ ይሰነጥቀዋል። አጎቴ ለአፍታ ሳያመነታ ነበር የሚቆርጠው። ሰፊዎቹ «ጋሽ ቆራጡ» ይሉታል። ቆራጭም ነው፣ ቆራጥም ነው ለማለት።

ሚስቱ ግን በዚህ ስም ትስቅ ነበር። «ቆራጥነቱ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ይቀራል» ትላለች። «እቤት የሚመጣልኝ ቁርጥራጩ ነው። ጫማ ሊገዛ ወጥቶ ሦስት ሱቅ ዞሮ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው ቆራጥ ይባላል?»

እሱም ይስቃል። «ጫማ ይመለሳል። ስፌትም ይፈታል፣ እንደገና ይሰፋል። ቁርጥ ግን አይፈታም። እዚያ ስለማላመነታ ነው እዚህ የማመነታው» ይላታል።

የጠረጴዛው ሌላ ጫፍ የአንዲት ሴት ነበር። ጨርቅ አንጣፊ ናት። ጥቅሉን ይዘው ከሁለቱም ጫፍ እየሳቡ፣ እየተራመዱ፣ አንዱን ንብርብር በሌላው ላይ ያስተኛሉ፤ ጠርዙ ከጠርዝ ሲገጥም እሷ «ቀጥ!» ትላለች፣ እሱም ይለቃል። ሌላ ቃል አያስፈልጋቸውም። በዚህም «እትዬ ቀጥ» ተብላ ቀረች። ባሏ የሞተ ጊዜ ከለቅሶ ስትመለስ አጎቴ የጨርቁን ጫፍ አቀበላት፤ እሷም ስባ፣ አስተካክላ፣ «ቀጥ» አለች፤ ድምፅዋ ግን አልወጣም ብሎ ነግሮኛል። ከሃያ ዓመት በላይ እንዲህ ትይዩ ቆመዋል።

አንድ ቀን አጎቴን የመታው ጥቅል ጨርቅ ሰማያዊ ነበር። ከመደርደሪያው አናት ላይ በደንብ ሳይገፋ የቀረ ነው። አጎቴ ከታች ሌላ ጨርቅ ሲስብ መደርደሪያው ተነቃነቀና ጥቅሉ ተንሸራቶ ወርዶ ከጆሮው በላይ መታው። መሬት ላይ ቁጭ አለ። ሴቶቹ መኪናቸውን አቁመው ሮጡ።

«ማነው ሰማያዊ ያዘዘው?» አለ፣ ጭንቅላቱን ይዞ።

ሳቁ። እሱም ሳቀ። እትዬ ቀጥ ብቻ አልሳቀችም። «ራስህን ሳትክ እንዴ?»

«ራሴን አልሳትኩም። ጨርቅ ደግሞ ሰው ገድሎ ያውቃል?»

ተነስቶ ሥራውን ቀጠለ። በምሳ ሰዓት ግን የምግቡ ሽታ አንገሸገሸው፤ ወጥቶ አስመለሰው፤ ሲመለስ የራሱን ወንበር አልፎት ሄደ። እትዬ ቀጥ ክንዱን ይዛ ወደ ክሊኒክ ወሰደችው።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። በትንሽ ባትሪ ዓይኑን አየች፤ በቀጥታ መስመር አራመደችው፤ ወሮቹን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እንዲጠራላት ጠየቀችው። «እኔ ወደፊትም በወጉ አልጠራቸው» አላት። ፈገግ ብላ ጻፈች። ከዚያ እንዲህ አለችው፦ «ቀላል የአንጎል መናወጥ ነው። ጥቂት ቀን ይረፉ፤ ከዚያ ቀስ እያሉ ወደ ሥራዎ ይመለሱ። ሳይሻልዎት ከቆየ ተመልሰው ይምጡ።»

ከዚህ ሁሉ ንግግር ውስጥ ቤት የደረሰው የመጀመሪያው ቃል ብቻ ነው። ሚስቱ ለእናቴ ደወለች፦ «ቀላል ነው ብላለች።» እናቴ ለእኔ ደወለች፦ «ቀላል ነው አሉ፣ አትደንግጥ።» ለጎረቤቱም፣ ለሥራ ቦታውም ያው ቃል ተነገረ። ቃሉ በእሱ ላይ እንደ ድስት ክዳን ተገጠመበት፤ ከሥሩ የሚፈላውን ማንም አላየም።

እሁድ ልጠይቀው ስሄድ መጋረጃው ተዘግቷል። እቤት ውስጥ ኮፍያ አድርጎ፣ ጠርዙን ዓይኑ ድረስ ስቦ ተቀምጧል። ቴሌቪዥኑ ላይ ፎጣ ተጥሎበታል።

«ብርሃን ይወጋኛል» አለኝ።

«ጆሮህስ?»

«ጆሮዬ ውስጥ አንዲት መኪና አለች። ክር አልቆባታል። ባዶዋን ትሰፋለች፣ ትሰፋለች። ሰፊዋን ተነሺ የሚላት የለም።»

ይህን የተናገረው ለማሳቅ ይመስለኛል። አልሳቅንም። ኩሽና ውስጥ ሚስቱ የድስት ክዳን አመለጣት። አጎቴ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። «ምን አባሽ ታደርጊያለሽ!» ብሎ ጮኸባት። በትዳራቸው ዘመን ሲጮህባት ሰምቼ አላውቅም። እሷም ሰምታ አታውቅም መሰለኝ፤ በሩ ላይ ክዳኑን በሁለት እጇ ይዛ ቀረች። እሱ ደግሞ ተቀመጠና ኮፍያውን ፊቱ ላይ አወረደ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሌላውን ሰው በትከሻው የሚያነበው ሰው የራሱን ትከሻ መደበቅ አልቻለም።

እናቴ ታላቅ እህቱ ናት፤ ፍቅሯን የምትገልጸው በስድብ ነው። «ቀላል ነው ተባልን እኮ! አንተ ድሮም ጉንፋን ሲይዝህ ኑዛዜ ትናገር ነበር» አለችው በሌላ ቀን። «ለመሆኑ ስፌት መኪናህን ለማን ነበር ያወረስከው?»

«ለድመቷ።»

«ለድመቷ! ይኸው አስታወስክ፤ ጭንቅላትህ ደህና ነው።»

ሳቀላት። ስትወጣ ግን ሄዶ ተኛ።

ሚስቱ ነገሩን ያስተዋለችው ቀስ በቀስ ነበር። መንገድ ሊሻገር ሲል ጠርዙ ላይ ይቆማል፤ መኪና ባይኖርም ሌላ ሰው እስኪሻገር ይጠብቃል፣ ከዚያ ሰውየውን ተከትሎ ይሻገራል። በር ቆልፎ ከወጣ በኋላ ተመልሶ ይነካዋል። አንድ ቀን ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ ደርሶ ላብ አጠመቀው፤ ባዶ እጁን ተመለሰ። በዚህ ቀን ሚስቱ አልቀለደችም።

«ምን ሆንክ?»

«ልቤ ሮጠ።»

«ወዴት?»

«እሱን ቢነግረኝ አብሬው እሄድ ነበር።»

«ወደ ሐኪሟ ተመለስ እንግዲህ። ሳይሻልዎት ከቆየ ይምጡ ብላህ የለ?»

«ቀላል ነው ያለችኝን ልጅ ሄጄ ከበደኝ ልበላት?»

አፈረ። እውነቱ ይኸው ነበር። አጥንቱ ቢሰበር ኖሮ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ሻይ ያስቀዳ ነበር። ፋሻ የሌለው፣ ጠባሳ የሌለው፣ ስሙም ቀላል የሆነ በሽታ እንዴት ይታመማል? ደግሞም ሌላ ፍርሃት ነበረበት፤ ለማንም አልተናገረውም፤ ኋላ ግን ሁላችንም አወቅነው። እጁን ይፈራ ነበር። ጠረጴዛው ፊት ስቆም እጄ ባይታዘዘኝስ? ቆራጭ ካልሆንኩ ምንድነኝ? ይህን ጥያቄ ሐኪም ዘንድ ወስዶ መልሱን ከሚሰማ፣ ሥራ ገብቶ ሌላውንም ራሱንም ቢያታልል ይሻለው ነበር።

ስለዚህ ሳይሻለው ተመለሰ። ሴቶቹ እልል ብለው ተቀበሉት። እሱ ግን እልልታው ጭንቅላቱን ሲሰነጥቀው ጥርሱን ነክሶ ፈገግ አለ። ጆሮው ውስጥ ጥጥ ጠቀጠቀ። አንዷ «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ሐሜታችንን አይሰሙም ማለት ነው?» አለችው። «ድሮም ሰምቼው አላውቅም፤ የምትጮሁት ስለ ባሎቻችሁ ስለሆነ አዝኜ ነው ዝም የምለው» አላት። ቀልዱ ያው የድሮው ነው። የተለወጠው ጠመኔው ነበር። ያሰምራል፤ ያጠፋዋል፤ እንደገና ያሰምራል። ሜትሩን ዘርግቶ ቁጥሩን ያየዋል፤ ዓይኑን ወደ ካርቶኑ ሲመልስ ቁጥሩ የለም። ልክ አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ ያጠፋበት ይመስል።

እትዬ ቀጥ አየች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለራሷ የምታንጎራጉር መስላ ቁጥሮቹን ጮክ ብላ ትናገር ጀመር፦ «ደረት ይሄን ያህል... እጅጌ ይሄን ያህል... ወይ ጉድ፣ ሰዉ ደግሞ እጁ እንዴት ይረዝማል...» እሱ ለእሱ ብላ እንደሆነ ያውቃል። እሷም ማወቁን ታውቃለች። አንድም ቀን ዓይን ለዓይን ተያይተው አልተነጋገሩበትም። እንዲህ ያለ ደግነት አለ፤ ስሙ ከተጠራ የሚፈርስ።

ከዚያ የጥበቃ ሠራተኞች ኮት ታዘዘ። ጨርቁ ግራጫ ነው፤ ፊቱ ለስላሳና አብረቅራቂ፣ ጀርባው ግን ሻካራና ደብዛዛ። እዚህ ላይ ስለ ሥራው አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ጨርቅ ፊት ለፊት ተነባብሮ ሲነጠፍ፣ አንዱ ንብርብር ግራውን ሌላው ቀኙን ስለሚሰጥ፣ እጅጌው ራሱ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል። ይህ ጨርቅ ግን ሁሉም ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ነው የሚነጠፈው። ያኔ ቆራጩ ግራውን ካሰመረ በኋላ ካርቶኑን ገልብጦ ቀኙን ያሰምራል። መገልበጥ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። ወደ ሥራው የገባ ማንኛውም ሰው በመጀመሪያው ሳምንት የሚማረው ነው። አጎቴም ለስንቱ አስተምሯል።

በዚያን ዕለት ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ከአብረቅራቂው ጨርቅ ላይ እየተመለሰች ዓይኑን ትወጋው ነበር። ጆሮው ውስጥ ያለችው መኪናም ትሰፋለች። አንዱን እጅጌ አሰመረ። ልቡ መሮጥ ጀመረ። ካርቶኑን አነሳ፣ ወደ ጎን አዛወረ፣ አስቀመጠ፣ አሰመረ። እትዬ ቀጥ ቁጥሩን ጠርታለች፤ ቁጥሩም ትክክል ነበር። ማሽኑን አስነስቶ ቆረጠ። ድሮ እንደሚቆርጠው ሳያመነታ ቆረጠ። ኋላ ሲነግረኝ «በዚያን ቀን ዳንኩ ብዬ ነበር። እጄ አልተንቀጠቀጠም» አለኝ።

የተቆረጠው ታስሮ ወደ ሰፊዎቹ ሄደ። ከሰዓት በኋላ አንዲት ሰፊ ኮቱን ይዛ ብድግ አለች። አንዱን እጅጌ ገጥማለች፤ ሁለተኛውን በዚህም በዚያም ብታዞረው አልገጥም ብሏታል።

«ጋሽ ቆራጡ፣ የዚህ ቀኙ የታለ?»

«ከሥሩ እይ።»

አየች። ሌላ እስር ፈታች። ሌላም ፈታች። «ጋሼ... ሁሉም ግራ ነው።»

መጀመሪያ ሳቅ ሆነ። «ጥበቃዎቹ ሁሉ ግራኝ ናቸው እንዴ?» አለች አንዷ። «ሌባ በግራ ነው የሚመጣው ብለው ይሆናል!» አለች ሌላዋ። ከኋላ ረድፍ ደግሞ አንዲት ልጅ፣ ክፋት ሳይኖራት፣ አፏ ላይ ስለመጣላት ብቻ፣ «ጋሼ ግራ ገብቶት ግራ ቆረጠ!» አለች።

ሳቁ ቆመ። መኪናዎቹም አንድ በአንድ ቆሙ። አጎቴ እጅጌዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ እያያቸው ነበር። ግራ፣ ግራ፣ ግራ። የእጅ ማስገቢያው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ። አንድም ጥንድ የለም። ፈትቶ የሚጠግነው ስፌት አልነበረም፤ ቁርጥ ነበር።

የአዳራሹ አለቃ መጣች። ጥብቅ ሴት ናት፣ ግን ክፉ አይደለችም። አንዱን እጅጌ አንስታ ገለበጠችው፤ ጀርባው ሻካራ ነው፤ መልሳ አስቀመጠችው። «ማነው ይህን ያደረገው?» አለች፤ መልሱን እያወቀች።

«እኔ ነኝ» አለች እትዬ ቀጥ። «ማንጠፉን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ፊት ለፊት አንጥፌልሃለሁ ብዬው ነበር። እሱ እኔን አምኖ ነው የቆረጠው።»

ውሸቷ ጥሩ ውሸት ነበር። ሥራውን ለሚያውቅ ሰው የሚያሳምን ነው። አለቃዋ እሷን፣ ከዚያም እሱን አየች። አጎቴ ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ እትዬ ቀጥ ትወቀሳለች፣ እሱም ነገ እጠረጴዛው ፊት ይቆማል። የፈራውም የፈለገውም ይህ ነበር፤ እዚያ ቦታ መቆም።

ጥጡን ከጆሮው አወጣ።

«እሷ ቀጥ አድርጋ ነው ያነጠፈችው» አለ። «እሷ ተሳስታ አታውቅም። እኔ ነኝ ያልገለበጥኩት። አልዳንኩም። ያ ጨርቅ ከመታኝ ጀምሮ አልዳንኩም። ቁጥር ዓይኔ ላይ አይቆምም። መንገድ እፈራለሁ። ዳቦ ቤት እፈራለሁ። ይህን ጠረጴዛ እፈራለሁ። ቀላል ነው ተብዬ ነው እንጂ...»

እትዬ ቀጥ «ምነው ዝም ብትል!» አለችው በቁጣ፣ እንባዋ እየወረደ። «ለአንድ ቀን ዝም ብትል ምን አለበት!»

በነጋታው ሚስቱ ክንዱን ይዛ ክሊኒክ ወሰደችው። ሐኪሟ ያችው ልጅ እግር ነች። ሁሉንም ሰማችው፤ ስለ ብርሃኑ፣ ስለ መኪናዋ፣ ስለ ልቡ፣ ስለ እጅጌዎቹ። ሚስቱ መሃል ገብታ «ቀላል ነው ብለሽን እኮ ነበር» አለቻት፤ ስሞታ ነበር።

«ቀላል ያልኩት ምቱን ነው» አለች ሐኪሟ። «እርስዎን አይደለም። ምቱ ቀላል ሆኖ የሚተርፈው ሊከብድ ይችላል። በቶሎ መምጣት ነበረብዎ፤ እኔም በደንብ ማስረዳት ነበረብኝ።» ከዚያ አስረዳችው። አንጎሉ ውስጥ የሚፈስ ደም የለም። ሕመሙ ፍርሃትን ይጠራል፤ ፍርሃቱ ደግሞ ሕመሙን ይቀሰቅሳል፤ ሁለቱ እየተቀባበሉ ይኖራሉ። ጨለማ ክፍል ውስጥ መደበቅ አይበጅም፤ ጥርስ ነክሶ መሥራትም አይበጅም። በየቀኑ ጥቂት መራመድ፣ ሲበዛበት ማረፍ፣ በነጋታው ትንሽ መጨመር። ልቡ ሲሮጥ አብሮ አለመሮጥ፤ ቆሞ ትንፋሹን በረጅሙ ማውጣት። ስለ ፍርሃቱ ወደሚያነጋግረው ባለሙያም ላከችው።

«ወደ ጠረጴዛው እመለሳለሁ?» አላት።

«ብዙ ሰው ወደ ሥራው ይመለሳል» አለች። «መቼ እንደሆነ ግን ልነግርዎ አልችልም።»

ሚስቱ ከሁላችንም በላይ ሠራች። ማታ ማታ ሳይሆን በጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ አብራው ትወጣለች። መንገዱ ጠርዝ ላይ ሲቆም አትጎትተውም። «እኔም ደክሞኛል፣ እንቁም» ትላለች። ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ድረስ፣ ከዚያ ደጃፉን አልፎ፣ ከዚያ ውስጥ። አንድ ቀን ዳቦውን ብብቱ ሥር ይዞ ብቻውን ወጣ። «ቆራጡ!» አለችው። በዚያን ዕለት በዚያ ስም የጠራችው ለማሾፍ አልነበረም።

ተሻለው። ይህን መደበቅ አልፈልግም። መጋረጃው ተከፈተ፤ ኮፍያው ለውጪ ብቻ ሆነ። ጆሮው ውስጥ ያለችው መኪና ለምሳ ትነሳ ጀመር፤ አንዳንዴም ሙሉ ቀን ትቀራለች። ሆኖም ሄዳ አልቀረችም።

አለቃዋ አላባረረችውም። ቁልፍ እንዲያስተካክል፣ ያለቀ ልብስ እንዲያጥፍ አደረገችው። በጠረጴዛው ላይ ሌላ ቆራጭ መጣ፤ ጥሩ ሰው ነው፣ ጥያቄ ሲኖረው «ጋሼ» ብሎ ይመጣል። አጎቴ ይመልስለታል። ከዚያ ወደ ቁልፎቹ ይመለሳል። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት አዳራሹ ባዶ ሲሆን ወደ ጠረጴዛው ሄደ። የተሰመረ ጨርቅ ተዘጋጅቶ ነበር። የማሽኑን እጀታ ጨበጠ። ምንም አልሆነም፤ ልቡም አልሮጠም። እጁ ግን አልተንቀሳቀሰም። እዚያው ቆመ፤ ሰዎች መመለስ ሲጀምሩ እጀታውን ለቆ ቁልፎቹ ዘንድ ሄዶ ተቀመጠ።

እትዬ ቀጥ በሩ ላይ ሆና አይታው ነበር። መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። «ተስፋ ቆረጥክ?»

«እሱንም መቁረጥ አቃተኝ» አላት።

ሁለቱም ሳቁ፣ አለ ሲነግረኝ። ከዚያ እሷ ቁልፍ ትለይለት ጀመር።

አጎቴና እትዬ ቀጥ ጡረታ ከወጡ በኋላ ለእሱ አንድ ኮት ተሠራለት። እነዚያ ግራ እጅጌዎች በከረጢት ተሞልተው መጋዘን ጥግ ተጥለው ነበር፤ ሰው ማሽን መጥረጊያ እያደረጋቸው አልቀዋል። እትዬ ቀጥ ሁለቱን አትርፋ፣ ከትርፍ ግራጫ ጨርቅ ጋር በጋዜጣ ጠቅልላ ይዛ መጣች። እኔም እቤቱ ነበርኩ። የምግብ ጠረጴዛውን አራግፈው ጨርቁን ይዘው በሁለቱ ጫፍ ቆሙ። ጠረጴዛው አጭር ስለሆነ ሁለቱም መራመድ አላስፈለጋቸውም። ሳቡ፤ ተስተካከለ።

«ቀጥ!» አለች።

አጎቴ ጠመኔውን ይዞ ደረትና ጀርባውን አሰመረ። አንዴ ብቻ አሰመረ፣ አላጠፋውም። ከዚያ መቀሱን አነሳ። ለትንሽ ጊዜ አየው። በጠረጴዛው ላይ ገፋላት።

«እኔ ቆርጬ አላውቅም» አለች።

«አታስቢ። በመስመሩ ላይ ዝም ብለሽ ሂጂ። ለማሰቡ እኔ ለሁለታችንም እበቃለሁ።»

እሷ ስትቆርጥ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። መቀሱ ጨርቁን ሲበላ የሚሰማው ድምፅ ክፍሉን ሞላው፤ ረጅም፣ ደረቅ፣ የማይቋረጥ። ጭንቅላቱን በድምፁ ልክ ቀስ እያለ ይነቀንቅ ነበር። ጥግ ላይ ልትደርስ ስትል ሳያይ «እዚህ ላይ ቀስ በይ» አላት። እጇን አዘገየች። ሲያበቃ ሚስቱ ከኩሽና በር ላይ ቆማ ዓይኗን በመሐረቧ ስትጠርግ አየሁ፤ እኔን ስታየኝ ተመልሳ ገባች።

የግራው እጅጌ በልኩ ገጠመ። ሁለተኛውን ገለበጡት። ግራ እጅጌ ሲገለበጥ ቀኝ ይሆናል፤ ግን ሻካራው ወደ ውጪ ይወጣል፣ ለስላሳው ፊት ወደ ውስጥ ይገባል። እንዲሁ ሰፉት።

ያንን ኮት እስከ መጨረሻው ለበሰው። በጠዋት መንገዱ ላይ በየበሩ የቆሙ ጥበቃዎች ጨርቁን ሲያዩ የሥራ ባልደረባ መስሏቸው ሰላምታ ይሰጡታል፤ እሱም በክብር ይመልሳል። ቀረብ ብለው ያዩት ግን ቀኝ እጅጌው ለምን ደብዛዛ እንደሆነ ይጠይቁታል።

«ይሄኛው ግራ ገብቶት ነው» ይላቸዋል።

ይስቃሉ። ሚስቱም አብራ ትስቃለች፣ ክንዱን ይዛ። የምትይዘው ሁልጊዜ በዚያ በተገለበጠው በኩል ነበር። መንገዱ ጠርዝ ላይ ሲደርሱ ይቆማል። እሷም ትቆማለች። ሌላ ሰው እስኪሻገር ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ተከትለውት ይሻገራሉ።